ይድረስ ለዕድር ዳኞች፦ ስለ ተቆለፈው የራዲዮ ቤት

ይድረስ ለከተማችን ዕድሮች ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፤ ለሴቶች ዕድር እናቶች፤ ለዕቁብና ለጽዋ ማኅበር አለቆች፤ እንዲሁም በሌላ ከተማ እየኖራችሁ ነገሩ የእናንተንም ደጅ ለሚነካ ወገኖች ሁሉ።

ክቡራን ሆይ፣ በዚህ ከተማ ረጅሙን ዘመኔን በመምህርነት፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በዕድር ጸሐፊነት ያገለገልሁ ሰው ስሆን፣ እስከ ዛሬ ለእናንተ የጻፍሁት ሁሉ የመዋጮ ማስታወሻ፣ የቅጣት ደብዳቤና የቃለ ጉባኤ ግልባጭ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ታሽጎ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ሳይሆን ማንም መንገደኛ ቆሞ ሊያነበው የሚችል ግልጽ ደብዳቤ መጻፍን የመረጥሁት፣ የምናገረው ጥፋት በጉባኤ ፊት የተፈጸመ፣ ከአጥፊዎቹም አንዱ እኔው ራሴ ስለሆንሁ፣ ኑዛዜውም በጉባኤ ፊት ቢሆን ይገባዋል ብዬ ነው። ነገሩ ከመናኸሪያው በላይ ባለችው ጉብታ ላይ ስለ ቆመው የብረት ምሰሶና ከሥሩ ተቆልፎ ስላለው የማኅበረሰብ ራዲዮ ቤት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ አስቀድሞ ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ሰው ላንሣ። የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ፣ ሰው ያረፈ እንደሆነ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይወጣል፤ የጡሩምባዋ አፍ በውርጩ ቀዝቅዛ ከንፈሩን እንዳታደነዝዘው መስቀለኛው መንገድ እስኪደርስ ድረስ በብብቱ ይዞ ያሞቃታል፤ ከደረሰም በኋላ ሁለት ጊዜ ረዘም፣ አንድ ጊዜ አጠር አድርጎ ይነፋና የሟቹን ስም፣ የሚቀበርበትን ስፍራና ሰዓቱን ይናገራል። ልብ ብሎ ላዳመጠው፣ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት የነፋው ለቆሎ ሻጯ ባልቴት ከነፋው በርዝመትም በድምፅም አይለይም። ባለጸጋ ‹ለአባቴ አምስት ጊዜ ይነፋልኝ› ቢለው አይሆንለትም፤ ሹመኛም ‹የዚህን ሰው ሞት ሸሽግልኝ› ብሎ ሊያዘው አይችልም። ይህ ሰው ከሁላችን ይልቅ ደፋር ሆኖ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ፤ የቤቱን እመቤት ቁጣ የሚፈራ፣ በጉባኤም አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። የድፍረቱ ምሥጢር ደመወዙ ነው፤ ከ214 ቤት በየወሩ ተቆራርሶ የሚመጣለት ስለሆነ፣ ከእነዚህ መካከል አንዱ ቢቀየመው የሚቀርበት ነገር ከዳቦ ፍርፋሪ አይበልጥም።

ስለ ነጻ መገናኛ ብዙኃን የማውቀውን ያህል ያወቅሁት ከዚህ ሰው ነው። በአገራችን የወሬ መንገድ ከጥንት ጀምሮ ከላይ ወደ ታች የሚፈስስ ነበር፤ ነጋሪቱ በግቢ ይጎሰማል፣ አዋጁ በገበያ ይነገራል፣ ‹የሰማህ ላልሰማ አሰማ› ይባላል፤ የሚሰማው ሕዝብ ግን መልሶ የሚጎስመው ነጋሪት አልነበረውም። ‹አእምሮ› የተባለችው የአማርኛ ጋዜጣ በ1890ዎቹ ዓመታት በእጅ እየተጻፈች በጥቂት ቅጂ ስትወጣ አንባቢዎቿ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ራዲዮም በ1920ዎቹ ዓመታት ከንፋስ ስልክ ሥራውን ሲጀምር የመንግሥት ልሳን ሆኖ ጀመረ። ይህን የምለው የቀደሙትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ፊደል ላስቆጠረን ለራዲዮ ትምህርት እኔም ባለዕዳ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ያችን ሣጥን መሰል ራዲዮ ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ከተማሪዎቼ ጋር ጆሮዬን የጣልሁበትን ዘመን አልረሳም። ነገር ግን ከታች ወደ ላይ የበቀለ፣ ድሃው ራሱ ከፍሎ ራሱ የሚሰማው አንድ የመገናኛ መሣሪያ ቢኖረን፣ እርሱ የዕድር ጡሩምባ ነው፤ ሊቃውንት ስለ መገናኛ ታሪክ ሲጽፉ እርሱን ማለፋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ስርጭቱን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ሲከፍል፣ ሦስተኛውን ለትርፍ ያልቆመ፣ በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ጉዳይ ያለው ማኅበረሰብ በፈቃዱ የሚያቋቁመው አድርጎ ተረጎመው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም ይህንኑ ወገን በስሙ አቆየው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በሐረር፣ በአዲስ አበባ በቆሬ ሠፈር፣ በከምባታ፣ በዋግ ኽምራና በሌላም ስፍራ ጣቢያዎች የተተከሉት በዚህ መንገድ ነው። ሕጉ በር ከፍቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የባለቤትነትን ስም ይሰጣል እንጂ ባለቤት አይፈጥርም፤ የእኛ ከተማ ጣቢያ የማን እንደ ነበረ ቃለ ጉባኤ ላይ ብትጠይቁኝ ‹የሕዝብ› ብዬ የጻፍሁትን ላሳያችሁ እችላለሁ፤ ጣቢያው የተዘጋ ዕለት ግን ያ ሕዝብ የት ነበር?

ጣቢያው ከሰባት ዓመት በፊት ሲከፈት ታስታውሳላችሁ። አንድ የውጭ የረድኤት ድርጅት ማሰራጫውን፣ አንቴናውንና ኮምፒውተሮቹን ሰጠ፤ ቤቱን ከቀበሌ አገኘን፤ ወጣቶቹ የስቱዲዮውን ግድግዳ በእንቁላል መያዣ ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ አለበሱት፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ንግግር ተደረገ። ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ግን የሐሙስ ጧቱ ዝግጅት ነው። የቀድሞ ተማሪዬ የነበረች አንዲት ልጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት በእህል ተራ መካከል ቆማ የነጭ ጤፉን፣ የሠርገኛውን፣ የባቄላውንና የሽንኩርቱን ዋጋ በስልክ ትናገራለች፤ ቀጥሎም የጠፋች ጊደር፣ የተገኘ መታወቂያ፣ የክትባት ቀን ይነገራል። አንድ ቀን ከቆላው የሚመጣ ሽማግሌ ገበሬ በመንገድ አገኘሁ፤ ትንሿን ራዲዮ በእራፊ ጨርቅ ጠቅልሎ በአህያው ጭነት ላይ አሥሮአታል። ‹ለምን አሠርሃት አባቴ?› ብለው፣ ‹አህያዋም ዋጋውን ትስማ እንጂ፤ ደላላ ያታለለኝ ጊዜ የምትመለሰው እርሷ ናት ተሸክማ› አለኝ። በየሳምንቱ እህል ተራ የሚያንዣብቡት ደላሎች ልጂቱን እንዴት እንደሚመለከቷት ከዚህ በላይ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ከዚያ የቦኖው ነገር መጣ። በበጋ ወራት ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በምትመጣበት ጊዜ፣ ወጣቶቹ መቅረጫ ይዘው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወደ ቦኖው ሄዱ። ያሰሙን ነገር ስድብም ክስም አልነበረም፤ በሰው ፈንታ ተራ የያዙ ድንጋዮችና ባዶ ጀሪካኖች ተደርድረው፣ ነፋስ ሲመታቸው የሚያሰሙት የቆርቆሮ ከበሮ የሚመስል ድምፅ፣ በመካከሉም የአንዲት እናት ቃል፣ ‹ልጄን አዝዬ አራተኛ ሌሊቴ ነው› የሚል። በማግሥቱ ያ ድምፅ በየሻይ ቤቱ ተሰማ። ማንም ጣቢያውን አልከለከለም፤ ማንም አልታሰረም። በወሩ መጨረሻ ላይ ግን የአየር ሰዓት እየገዛ የጣቢያውን የኪራይና የመብራት ወጪ በአብዛኛው ይሸፍን የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በሁለት መስመር ደብዳቤ፣ በበጀት እጥረት ምክንያት ውሉን እንደማያድስ አስታወቀ። ወጣቶቹ ነገሩ ገባቸው፤ የሚቀጥለውም ዝግጅት ስለ ዛፍ ተከላ ጥቅም ሆነ። እኔ ስለ ዛፍ ተከላ ክፉ አልናገርም፤ ነገር ግን ውኃ የሌለበት ከተማ ችግኝ ምን እንደሚጠጣ አልተነገረንም።

የረድኤት ድርጅቱም የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያበቃ አመስግኖ ሄደ፤ ይህም ውሉ እንጂ በደሉ አይደለም። ቀጥሎ በአንድ የክረምት ሌሊት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የማሰራጫው ማጉያ ተቃጠለ። ያች የቀድሞ ተማሪዬ የዕድሮቹን የጋራ ጉባኤ ለምና ገብታ፣ ቆማ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ‹እናቶቼና አባቶቼ፣ ከየቤቱ በወር ሁለት ሁለት ብር ብታዋጡልን ጣቢያው የእናንተ ይሆናል፤ ከእንግዲህ ማንም በደብዳቤ አይዘጋውም› አለች። ያን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ እጁን ያወጣው ማን ነበር? እኔ ነበርሁ። ‹ዕድር የሞት ማኅበር እንጂ የወሬ ማኅበር አይደለም፤ የሬሣ ገንዘብ ለሙዚቃ አይውልም› አልሁ። ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበልኝም፤ ነገሩ በአብላጫ ድምፅ ወደቀ። ያንኑ ቃሌን በገዛ እጄ፣ ባማረ ጽሕፈት፣ በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርሁት። ልጂቱ ዛሬ በመናኸሪያው በር የሞባይል ካርድ ትሸጣለች፤ ባየችኝ ጊዜ ‹ጤና ይስጥልኝ መምህር› ትለኛለች እንጂ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

ወንድሞቼ፣ ከአንድ እጅ የሚጎርስ ጣቢያ፣ እጁ የደግ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ እጁ ሲታጠፍ አፉ ይዘጋል፤ እጁም ሲለወጥ አፉ ይለወጣል። በአዲስ አበባ በ1955 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ‹የብሥራተ ወንጌል ድምፅ› ራዲዮ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው፣ ድምፁ ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ የሚደርስ፣ በብዙ ልሳናት የሚናገር፣ በመሣሪያው ብልጫ ዘመኑ የሚደነቅበት ጣቢያ ነበር፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. መንግሥት በወረሰው ጊዜ ግን ያው ምሰሶ፣ ያው ማይክራፎን፣ ስሙን ቀይሮ ስለ አብዮት ይናገር ጀመር። አድማጩ ‹ራዲዮኔን ወሰዱብኝ› ብሎ አልጮኸም፤ አንድ ሳንቲም ያላወጣበትን ነገር እንዴት የእኔ ይበል?

ከዚህ ጋር አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ላነጻጽር፤ ረዘም ቢልባችሁም ታገሡኝ። በደቡብ አሜሪካ በቦሊቪያ፣ ከባሕር በላይ እጅግ ከፍ ባሉ ተራሮች ላይ፣ የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከየደመወዛቸው እየቆረጡ የራሳቸውን የራዲዮ ጣቢያዎች ተከሉ፤ ከ1952ቱ አብዮት በኋላም ቁጥራቸው ከሃያ አለፈ። በእነዚያ ጣቢያዎች ላይ ባልቴቲቱ ስለ ጠፋ በጓ፣ ቆፋሪው ስለ ሳንባ በሽታው፣ ማኅበሩ ስለ ደመወዝ ይናገር ነበር፤ የጣቢያው በር ያለ ደጅ ጠባቂ ክፍት ስለ ነበረ ሰው ከጉድጓዱ ወጥቶ አቧራውን ሳያራግፍ ወደ ማይክራፎኑ ይገባል። አስገራሚውን ነገር ልንገራችሁ፤ ‹ሲግሎ ቬይንቴ› በተባለው የማዕድን ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1959 የካቶሊክ ካህናት ስካርንና ኮሙኒዝምን ለመዋጋት ብለው ‹ፒዮ ዐሥራ ሁለተኛ› የተባለ ጣቢያ ከፈቱ፤ ጥቂት ዓመታት ከሕዝቡ ጋር ከኖሩ በኋላ ግን ያው የካህናቱ ጣቢያ ከቆፋሪዎቹ ወገን ሆኖ ቆመ። ሊያስተምሩ የመጡትን ሕዝቡ አስተማራቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1967 በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ንጋት ወታደሮች በሠፈሩ ላይ ተኮሱ፤ በሐምሌ 1980 የጦር መኮንኖች መንግሥቱን ሲገለብጡም፣ ጣቢያዎቹ እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ የአገሪቱን ወሬ አሰሙ፤ ወታደሩ አንዱን ሲይዝ ሌላው ይቀጥላል፤ የመጨረሻው እስኪያዝ ድረስ እንዲሁ ሆነ። ኋላም ተመልሰው ቆሙ፤ ምክንያቱም ባለቤቶቹ አልሞቱም ነበር።

ወታደር ያላጠፋቸውን ያጠፋቸው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የቆርቆሮ ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ፤ የመንግሥቱ የማዕድን ድርጅት ከሃያ ሺህ በላይ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ፤ ሠፈሩ ተበተነ፤ መዋጮውም ከሰዎቹ ጋር ተበተነ፤ አብዛኞቹ ጣቢያዎችም አንድ በአንድ ዝም አሉ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የራሳችንን ቃለ ጉባኤ አስባለሁ። እነርሱ የሚያዋጡበት ደመወዝ እስኪጠፋ ድረስ አዋጡ፤ እኛ ግን ሁለት ብሩ በኪሳችን እያለ ሳቅን።

አሁን ሐሳቤን ስላስለወጠኝ ነገር ልናገር፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ ቦሊቪያ አይደለምና። ባለፈው ክረምት፣ በአንድ ረቡዕ ማታ፣ ‹ከወንዝ ማዶ ያሉት ሰዎች ነገ ገበያውን ሊያቃጥሉ ነው› የሚል ወሬ በስልክ ተዛመተ። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ከዚህም ከዚያም ዱላና ገጀራ የያዘ ጎረምሳ መንገዱን ሞላው፤ ሱቆች ተቆለፉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ቁጭ ብለው አደሩ። የነገሩ መነሻ፣ በኋላ እንደ ተጣራው፣ በውሰት ሞተር ብስክሌት የተጣሉ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ በዚያው ማታ ሽማግሌ ገብቶ አስታርቆአቸዋል፤ አንደኛው የክርስቲያን፣ ሁለተኛው የሙስሊም ልጅ መሆኑ ብቻ ወሬውን አቀጣጠለው። ይህን እውነት ለከተማው የምናሰማበት መንገድ ግን አጣን፤ ጉብታው ላይ ያለው ምሰሶ ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ ቆሟል። ያን ጊዜ የዕድራችን ዳኛ ጡሩምባ ነፊውን ከመኝታው አስነሡት። እርሱም ጋቢውን እያስተካከለ፣ ግራ ተጋብቶ፣ ‹ማን ሞተ ልበል?› ሲል ጠየቀ። ዳኛው ትንሽ አሰቡና፣ ‹ማንም እንዳልሞተ ንገር› አሉት። ያች ጡሩምባ ከተገዛች ጀምሮ ስለ ሕያዋን የተነፋችበት የመጀመሪያዪቱ ሌሊት ይህች ናት። በየመስቀለኛው ቆሞ የሁለቱን ልጆች አባቶች ስምና እርቃቸውን ተናገረ፤ በወንዙ ማዶ ያለው ዕድር ጡሩምባ ነፊም ተቀብሎ ነፋ። ሰው ወደ ቤቱ ገባ። እኔም ወደ ቤቴ ገብቼ፣ ‹ዕድር የሞት ማኅበር ነው› ያልሁበትን መዝገብ ከሣጥን አውጥቼ በኩራዝ አነበብሁት፤ ማፈሬን አልደብቃችሁም።

ከእናንተ መካከል አስተዋይ የሆነ ሰው ‹መዋጮ ብቻውን ደግ ነገር ያመጣል ወይ?› ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል፤ መጠየቁም ይገባዋል። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ሥራ የጀመረው፣ በቀጣዩ ዓመት በተፈጸመው እልቂት ሰዎችን በስማቸውና በመኖሪያቸው እየጠራ ያስገደለው ‹ሚል ኮሊን› የተባለ ራዲዮም በአክሲዮን ሽያጭ የተቋቋመ ነበር፤ አክሲዮኑን ከገዙት መካከልም ከፕሬዚዳንቱ ጀምሮ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከመሥራቾቹ ሁለቱ ለሩዋንዳ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ተፈረደባቸው፤ የተገደሉት ግን አልተመለሱም። ስለዚህ የብዙ ሰው ሳንቲም ብቻውን ቅድስና የለውም፤ የአንድ ወገን ሳንቲም ቢበዛ የአንድ ወገን ጩኸት ይሆናል። ተስፋዬን በዕድር ላይ ያደረግሁበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። የሠፈር ዕድር ወገን አይመርጥም፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ከመስጊድ የሚሄደውም አንድ ድንኳን ተክሎ፣ በአንድ ድስት ንፍሮ ቀቅሎ፣ አንዱ የሌላውን ሬሣ በትከሻው ይሸከማል። ሰው ነገ አስከሬኑን የሚሸከምለትን ጎረቤቱን በማይክራፎን ሊያስገድለው ይከብደዋል፤ አይችልም አላልሁም፤ ይከብደዋል ነው ያልሁት። ስለሌላው የሚነገረውን ነገር ያ ሌላው ራሱ በጉባኤው ተቀምጦ የሚሰማበት ጣቢያ፣ ያላሰቡትን ከመናገር የሚከለክል ልጓም በራሱ ውስጥ አለው።

የምጠይቃችሁ ነገር ይህ ነው። በከተማችንና በዙሪያዋ 40 ያህል ዕድሮች አሉ፤ በአማካይ እያንዳንዱን 150 ቤት ብናደርገው 6,000 ቤት ይሆናል፤ ከየቤቱ በወር 2 ብር ቢቆረጥ 12,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ማንንም ባለጸጋ አያደርግም፤ ነገር ግን መብራቱንና ኪራዩን ይከፍላል፤ የቀረው እየተጠራቀመ ማጉያውን ያሠራል፤ የሐሙስ ጧቷን ልጅ የትራንስፖርትና የእንጀራ ወጪ ይሸፍናል። ለቀብር የተቀመጠው ተቀማጭ እንዳይነካ፣ የራዲዮው ሣጥን ከዕድሩ ሣጥን ተለይቶ፣ ሦስት ቁልፍ ተበጅቶለት ይቀመጥ፤ ይህን ከእኔ ይልቅ ገንዘብ ያዦቻችን ያውቁበታል። መሥሪያ ቤት ሆነ ነጋዴ፣ የረድኤት ድርጅት ሆነ ሀብታም ልጃችን፣ ማንም ከዓመቱ ወጪ ከዐሥር አንዱን እጅ በላይ እንዳይሰጥ ይደንገግ፤ የዐሥራት ልክ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ስጦታ ቢሆንም ዋጋ እንደሚያስከፍል አይተናል። የገቢና የወጪው ሒሳብ፣ ዳኛው በዕድር ጉባኤ እንደሚያነበው ሁሉ፣ በየወሩ በራዲዮው ላይ በአደባባይ ይነበብ፤ ‹የመብራት ይህን ያህል፣ የወረቀት ይህን ያህል› እየተባለ። ሰው የራሱን ሁለት ብር ስም በአየር ላይ ሲጠራ የሰማ ዕለት ጣቢያውን መጠበቅ ይጀምራል።

በቦርዱም ከየዕድሩ አንድ ሰው ይመረጥ፤ የሴቶች ዕድሮች ቁጥራቸው ከወንዶቹ ያላነሰ ይሁን፤ ውኃ ተራ የሚያድሩት እነርሱ ናቸውና። ነገር ግን (ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ትቀየሙኛላችሁ) እኛ ሽማግሌዎች ከስቱዲዮው በር ወዲህ እንቅር። ዕድር ውስጥ ለአንድ ድስት መጥፋት ሦስት ሰዓት የምንከራከር ሰዎች ማይክራፎን ቢሰጠን ምን እንደምናደርግ አስቡት። ዜናው የወጣቶቹ ይሁን፤ እኛ ሒሳቡንና ሥነ ምግባሩን እንጠብቅ። ነገር የተነገረበት ሰው፣ ሹምም ይሁን ደላላ፣ በማግሥቱ በዚያው ሰዓትና በዚያው ርዝመት መልሱን የመናገር መብት ይኑረው፤ የሞት ማስታወቂያም ለድሃውም ለሀብታሙም ያለ ክፍያ በእኩል ቃል ይነገር። ይህ ሁለተኛው ሕግ ከጡሩምባ ነፊው የተወሰደ ነው።

በአሜሪካና በዓረብ አገሮች ያሉ የከተማችን ልጆች ‹አዲስ ማሰራጫ ገዝተን እንላክላችሁ› የሚል ደብዳቤ ደጋግመው ጽፈውልናል። እግዚአብሔር ያክብራቸው፤ መሣሪያውን ቢገዙ እንቀበል፤ ከዓመቱ ወጪ ውጭ የሆነ የአንድ ጊዜ ስጦታ ነውና። የወር እንጀራውን ግን ከእነርሱ አንጠብቅ። ርቀው የሚኖሩ ልጆች ናፍቆታቸው ብዙ ስለሆነ በአገራቸው ክርክር ላይ ቁጣቸውም ብዙ ነው፤ በዋሽንግተን የተነሣው ጠብ በእኛ ማይክራፎን እንዲቋጭ አልሻም።

ማጉያው እስኪሠራ ድረስም እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ‹ቡሽ ራዲዮ› የተባለው ጣቢያ ሥሩ በካሴት ነበር፤ የአፓርታይድ መንግሥት የአየር ሞገድ በከለከለበት ዘመን ሰዎቹ ድምፃቸውን በካሴት እየቀረጹ ከእጅ ወደ እጅ ያሠራጩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ያለ ፈቃድ ቢያስተላልፉ ፖሊስ መሣሪያቸውን ወሰደ፤ በ1995 ግን በሕጋዊ ፈቃድ ተከፈተ። እኛም ፈቃዱ እስኪታደስና ማሰራጫው እስኪጠገን፣ ልጆቹ የሐሙሱን ዝግጅት በስልክ ቀርጸው በገበያው ድምፅ ማጉያና በየሻይ ቤቱ ያሰሙ። ልጂቱን ጠይቄአታለሁ፤ የካርድ መሸጫ ሣጥኗን በጠዋት ለእህቷ ትታ ትመጣለች፤ እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው ብላኛለች።

የራዲዮው ቤት ቁልፍ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር፣ ከጉባኤው ዕለት ጀምሮ በእኔ እጅ ይገኛል። ባለፈው ሳምንት ከፍቼ ገባሁ፤ ብርድ ልብሶቹን አይጥ በጥቂቱ ነክቷቸዋል፤ ማይክራፎኑ ግን በላስቲክ እንደ ተጠቀለለ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የመጨረሻው ሐሙስ የጤፍ ዋጋ በእርሳስ ተጽፎ ይታያል። በአዲስ ደብተር የመጀመሪያውን መስመር ሞልቻለሁ፦ የእኔ 2 ብር፣ የባለቤቴም 2 ብር፤ ቤታችን አንድ ቢሆንም እርሷ ‹እኔም ለራሴ ልክፈል› ስላለች።

ጉባኤው ከጥምቀት በኋላ በሚውለው የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሆናል፤ የዕድሮች ዳኞች ሁሉ በየጉባኤያችሁ አስወስናችሁ ብትመጡ እለምናለሁ። በዚያ ቀን ጠዋት ጡሩምባ ነፊው በየመስቀለኛው መንገድ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ይነፋል፤ ማን ሞተ ብሎ የሚደነግጥ፣ ነጠላዋንም አዘቅዝቃ የምትወጣ እንዳትኖር ከወዲሁ ለየቤተ ሰባችሁ አስታውቁልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የአንዱ ሠፈር ዕድር ጸሐፊ